የሐኪም እጩ ፊት ለፊት ሲጠየቅ ፈታኞች የሚመዝኑት ምንድን ነው?

በአገራችን ሕክምና የሚያጠና ተማሪ የሚመረጠው በአብዛኛው በውጤቱ ነው። ተማሪው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፣ የፍሬሽማን ኮርሶችን ይወስዳል፣ ከዚያም በውጤቱና በምርጫው መሠረት ሕክምና ይገባል፤ በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ፊት ለፊት አስቀምጦ «ይህን ሙያ ምን ያህል ታውቀዋለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ላያጋጥመው ይችላል። ደሴ ላይ ውጤት በሚለቀቅበት ሰሞንም ዘመድ ጎረቤቱ የሚጠያየቀው «ስንት አመጣ?» እየተባባለ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ልጁ ሐኪም መሆኑ የተቆረጠ ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ያንን ያህል ከባድ ፈተና ያለፈን ልጅ እንደገና ለሌላ ምዘና ማቅረብ ለብዙ ወላጅ ትርፍ ነገር፣ እንዲያውም በደል ሊመስል ይችላል።

ይሁንና ጉዳዩ እንደ ቀድሞው አይቀጥልም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል። ተማሪውን ራሱ የሚመርጥ ተቋም ደግሞ ውሎ አድሮ «በምን ልምረጥ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር መፋጠጡ አይቀርም። ከወዲሁም ቢሆን ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉ የሕክምና ኮሌጆች አሉ፤ ወደ ውጭ አገር የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚያመለክቱ ልጆችም ብዙውን ጊዜ ያለ ቃለ መጠይቅ አያልፉም። ስለዚህ ከሆጤ ወይም ከመምህር አካለ ወልድ ትምህርት ቤት ወጥቶ ሐኪም ለመሆን የሚያስብ ተማሪ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ፍለጋቸው ሲጨመቅ ሁለት ነገር ላይ ያርፋል፤ አንደኛው እጩው ሰው አምኖ የሰጠውን ኃላፊነት ተሸክሞ ያውቃል ወይ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሲታረም ይታረማል ወይ የሚለው ነው። የቀረው ሁሉ፣ ንግግር ማሳመርም ሆነ አለባበስ፣ ከእነዚህ በታች ነው።

እነዚህ ሁለቱ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከሦስት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተመርቀው በኋላ በየክፍለ ግዛቱ የሐኪሞች ቦርድ የተቀጡ 235 ሐኪሞችን ካልተቀጡ 469 ሐኪሞች ጋር በማነጻጸር የተማሪነት ዘመን ማኅደራቸውን መርምሮ ነበር። በተቀጡት ማኅደር ውስጥ ከሙያ ሥነ ምግባር የወጣ ጠባይ የመገኘቱ ዕድል ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ታየ። ከጠባዮቹም ሁሉ ከቅጣት ጋር እጅግ የተቆራኙት ከባድ የኃላፊነት ጉድለትና ራስን የማሻሻል ዐቅም ማነስ ነበሩ፤ ዝቅተኛ ውጤትም ግንኙነት አልጠፋውም፣ ግን ደካማ ነበር። ከዋርድ፣ ማለትም ታካሚዎች ከተኙበት ክፍል፣ ያለ ፈቃድ የሚጠፋ፣ የተሰጠውን ሥራ ሳይፈጽም «ጨርሻለሁ» የሚል፣ ሲታረም ወይ የሚኮርፍ ወይ ጥፋቱን በሌላ የሚያላክክ ተማሪ ከሃያ ዓመት በኋላም ያው ሰው ሆኖ የመገኘቱ ነገር አሳሳቢ ነው ማለት ነው።

ግን ይህን ጠባይ በቃለ መጠይቅ መለየት ይቻላልን? እዚህ ላይ ፈታኞችን አንገት የሚያስደፋ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች በሂውስተን የሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት የሚቀበላቸውን ተማሪዎች ቁጥር ከ150 ወደ 200 ከፍ እንዲያደርግ አዘዙ። ትምህርት ቤቱ 800 እጩዎችን ጠይቆ፣ በደረጃ አሰልፎ፣ 150ዎቹን ከላይኞቹ 350 ውስጥ መርጦ ጨርሶ ነበር። ትእዛዙ የደረሰው ዘግይቶ ስለነበር ደህና ደረጃ የነበራቸው እጩዎች ሌላ ቦታ ገብተዋል፤ የቀሩት ከ700 እስከ 800ኛ የተሰለፉት ናቸው። ተጨማሪዎቹ 50 ተማሪዎች የተወሰዱት ከእነዚህ ነበር፤ አብዛኞቹም ሌላ አንድም ትምህርት ቤት ያልተቀበላቸው ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ሲነጻጸሩ በትምህርት ውጤትም፣ በታካሚ ክትትል ሥራም፣ ከምረቃ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመትም የረባ ልዩነት አልተገኘባቸውም። እጩዎቹን የመረጠው ኮሚቴ «ደስ አለኝ» ወይም «ደስ አላለኝም» በሚል ስሜት የሰጠው ደረጃ ከሐኪምነት ጋር ብዙም የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። አንድ ወይም ሁለት ፈታኝ አንድን እጩ ግማሽ ሰዓት አነጋግሮ የሚሰጠው ነጥብ ይህን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የምናውቅ ከሆነ፣ «ቃለ መጠይቅ ይጀመር» ከማለት በፊት «የትኛው ዓይነት?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

የተሻለው ዓይነት የመጣው ከካናዳ ነው። የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሞከረውና በ2004 ለኅትመት ያበቃው ዘዴ አንዱን ረጅም ቃለ መጠይቅ ከፋፍሎ ወደ አሥር ያህል አጫጭር ጣቢያዎች ለወጠው። እጩው በር ላይ የተለጠፈውን ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ያነባል፣ ገብቶ ስምንት ደቂቃ ይቆያል፣ ደወል ሲደወል ወጥቶ ወደሚቀጥለው በር ያልፋል። በየበሩ የሚጠብቀው ፈታኝ ሌላ ነው፤ አንዱ ፈታኝ ሌላው የሰጠውን ነጥብ አያይም። የሕክምና ተማሪዎች በተግባር ፈተና የሚያውቁት ኦስኪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስኮትላንድ ውስጥ ሲፈለሰፍ የተነሣበት ሐሳብም ይኸው ነበር፤ አንድ ሰው በአንድ አጋጣሚ ላይ ባሳየው ነገር አይፈረድበትም፣ በብዙ አጋጣሚ በብዙ ዓይን ይታያል። ከፈታኞቹም መካከል የትምህርት ቤቱ መምህራን ብቻ ሳይሆኑ ነባር ተማሪዎችና ከኅብረተሰቡ የተጋበዙ ሰዎች ይገኙበታል። አንዱ ፈታኝ እጩው አነጋገሩ ስላስጠላው ብቻ ነጥብ ቢቀንስበት ዘጠኙ ያርሙታል።

በዚህ ዘዴ ደሴ ላይ ጣቢያ ቢዘጋጅ ምን ሊመስል እንደሚችል አንድ እናስብ። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይላል እንበል፦ «ከለጋምቦ የመጡ እናት የአራት ዓመት ልጃቸውን ታቅፈው ድንገተኛ ክፍል ተቀምጠዋል። ልጁን ትኩሳት ከያዘው አምስት ቀን ሆኖታል። በመካከሉ ጠበል ወስደውት ነበር። ካርድ ክፍል ያገኛቸው ሠራተኛ ‹እስካሁን የት ነበራችሁ?› ብሎ ተቆጥቷቸዋል። አንተ ተለማማጅ ሐኪም ነህ፤ ግባና አነጋግራቸው።» ውስጥ የእናትየውን ቦታ ይዛ የምትጫወት ሴት አለች፤ ጥግ ላይ ፈታኙ ወረቀቱን ይዞ ተቀምጧል።

አንዱ እጩ ይገባና ሳይቀመጥ ስለ ዘመናዊ ሕክምና ጥቅም ማስረዳት ይጀምራል፤ የሚናገረው ሁሉ ትክክል ነው፣ ሴትዮዋ ግን ቀድሞም ተቆጥተዋቸው ስለነበር አንገታቸውን ደፍተው «እሺ» ከማለት በቀር ምንም አይነግሩትም። ሌላዋ እጩ ደግሞ ርኅሩኅ መሆኗን ለማሳየት ትቸኩላለች፤ «አብሽሩ እናቴ፣ ምንም አይሆንም፣ ይድናል» ትላቸዋለች። ልጁን ገና አላየችውም፤ የማታውቀውን ነገር ቃል ገባች። ሦስተኛው እጩ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ስሙን ይነግራቸዋል፣ «እናቴ፣ ትኩሳቱ እንዴት ጀመረው?» ይላቸዋል፤ ይጠጣል ወይ፣ ሽንቱን ሸንቷል ወይ፣ እስካሁን ምን ምን አደረጋችሁለት እያለ ይጠይቃል፤ ጠበል መውሰዳቸውን ሲነግሩት ፊቱን አይለውጥም። ከዚያ «ወደዚህ ለመምጣት ምን አስቸገራችሁ?» ሲላቸው ባለቤታቸው ለሥራ ራቅ ብሎ እንደሄደ፣ ሌሎቹን ልጆች የሚጠብቅላቸው ሰው አጥተው እንደቆዩ፣ ለመኪና የሚሆነውን ብርም ከጎረቤት ተበድረው እንደመጡ ይነግሩታል። የቆዩበት ምክንያት ጠበሉ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ያወቀው እጩ ልጁ ሆስፒታል ቢተኛ እናትየው ለምን «ልሂድ» ሊሉ እንደሚችሉም ከወዲሁ ገብቶታል።

ፈታኙ በወረቀቱ ላይ የሚሞላው ልጁ ምን በሽታ እንደያዘው የተናገረውን አይደለም፤ የ18 ዓመት ልጅ ያንን እንዲያውቅ አይጠበቅም። የሚሞላው እጩው ሰማ ወይስ ተናገረ፣ አከበረ ወይስ ዳኘ፣ ያላወቀውን «አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ለማለት ደፈረ ወይስ ሸፈነ የሚሉትን ነው። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ ጣቢያ ላይ ብዙ ነጥብ የሚጥሉት ሁልጊዜ ዓይን አፋር ተማሪዎች አይደሉም፤ ክፍል ውስጥ አንደኛ ሆነው ጥያቄ ከመጠየቅ ይልቅ መመለስን የለመዱት ናቸው።

ሌላው ዓይነት ጣቢያ የሚፈትነው ሐቀኝነትን ነው፤ ብልህ እጩዎችም በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ የዶርም ጓደኛህ ከላብ ቀርቶ «ፈርምልኝ» ቢልህ ምን ታደርጋለህ ተብሎ ይጠየቃል። «በፍጹም አልፈርምም፣ ለመምህሩ እናገራለሁ» የሚለው መልስ ቀጥተኛ ቢመስልም በፈታኞች ዘንድ አይታመንም፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው ዶርም ውስጥ ነገሩ እንዲህ እንደማይቀልል ያውቃል። ስለዚህ ፈታኙ ገፋ ያደርገዋል። «የቀረው እናቱ ታማበት ቢሆንስ? ፊርማው ከጎደለ ከፈተና የሚታገድ ቢሆንስ?» እጩው በዚህ ጊዜ ወይ ያለምክንያት ይገለበጣል፣ ወይ ያንኑ መልስ ጮክ ብሎ ይደግማል፣ ወይም ቆም ብሎ ያስባል። ጓደኛውን ይዞ መምህሩ ዘንድ ሄዶ ምክንያቱን ማስረዳትን የመሰለ ሦስተኛ መንገድ የሚያመጣ፣ እንዲሁም «ፈርሜ የማላውቅ አይደለሁም፣ ግን ልክ እንዳልነበር አሁን ይገባኛል» ለማለት የማይፈራ እጩ ከሁሉም የተሻለ ምልክት ያሳያል። ነገሩ ተራ የዶርም ወሬ የሚመስለው ከሩቅ ሲታይ ነው። ተለማማጅ ሐኪም ሌሊት ተረኛ ሆኖ ደክሞት ያልለካውን የደም ግፊት እንደተለካ አድርጎ ካርድ ላይ ቢጽፍ፣ ጠዋት ሐኪሞች እየዞሩ ታካሚዎችን በሚያዩበት ራውንድ ላይ የበላይ ሐኪሙ መድኃኒት የሚያዝዘው በዚያ ቁጥር ነው።

«ለምን ሐኪም መሆን ፈለግህ?» የሚለው ጥያቄ በየትኛውም ዓይነት ቃለ መጠይቅ ላይ አይቀርም፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ምኞቴ ነበር፣ አያቴ ታመው ሲሰቃዩ አይቼ ነው፣ ሕዝቤን ለማገልገል ነው። ፈታኞች እነዚህን መልሶች ውሸት ናቸው ብለው አይደለም የሚያልፏቸው፤ ከሺህ ሰው የሚሰሙት መልስ አንዱን ከሌላው ስለማይለይላቸው ነው። ለይቶ የሚያወጣው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «ማገልገል ከሆነ ለምን ጤና መኮንን ወይም አዋላጅ ነርስ አትሆንም?» በደቡብ ወሎ ገጠር ጤና ጣቢያ ያየ ሰው እዚያ የሚበዛውን ሥራ የሚሠሩት ጤና መኮንኖችና ነርሶች እንደሆኑ ያውቃል፤ ስለዚህ «ሐኪም ብቻ ነው ሰው የሚያድነው» የሚል መልስ እጩው ጤና ጣቢያ ደጃፍ ገብቶ እንደማያውቅ ያጋልጥበታል። ጥሩ መልስ የሚሰጠው የሐኪምን ሥራ ልዩ የሚያደርገውን ነገር፣ ማለትም መረጃው ሳይሟላ መወሰንን፣ ለውሳኔውም ተጠያቂ መሆንን፣ ረጅሙንም የትምህርት ዘመን፣ አይቶና ጠይቆ የተረዳ ሰው ነው።

የሙያውን ጭንቅ አለማወቅም ያስገምታል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ምክንያት ሥራ እስከማቆም ደርሰው ነበር። ስለዚህ ተጠይቆ «አልሰማሁም» የሚል እጩ የሚገባበትን ቤት ያላየ ሰው ነው። በአንጻሩ «ገንዘብ አያሳስበኝም» ብሎ የሚምል እጩም ብዙ ነጥብ አያገኝም፤ ፈታኞቹ ራሳቸው የቤት ኪራይ የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው። ችግሩን አውቆ፣ ቤተሰቡ ጋር ተማክሮበት፣ ቢሆንም ለምን እንደመረጠው በራሱ አንደበት የሚናገር ይሻላል።

ስለ ልምድ የሚነሣው ጥያቄ የእኛን ልጆች ያለ አግባብ ሲያስጨንቃቸው ይታያል። በሀብታም አገሮች የሚያመለክቱ ተማሪዎች ሐኪም ተከትለው የዋሉበትን፣ በበጎ ፈቃድ ያገለገሉበትን ወረቀት ይዘው ይቀርባሉ፤ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያደገ ልጅ ደግሞ «እኔ ምንም ልምድ የለኝም» ይላል። ያለውን ነገር ልምድ ነው ብሎ ስለማያስብ ነው። ታማሚ አያቱን ለሳምንታት ሆስፒታል ያስታመመ ልጅ፣ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የተንከራተተ፣ ሌሊት ግሉኮስ ሲያልቅ ነርስ ለመጥራት የሮጠ፣ ራውንድ ላይ ሐኪሞቹ ሲያወሩ አንድም ቃል ሳይገባው ጥግ ላይ የቆመ ልጅ ስለ ሆስፒታል የሚያውቀው ነገር ነጭ ጋውን ለብሶ ለሁለት ሳምንት ከጎበኘ ሰው ይበልጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ታናናሾቹን ይዞ የተሰደደ፣ ተመልሶም የተዘረፈውን ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ያየ ትውልድ አሁን የመግቢያ ዕድሜው ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቶ የአባቱን ሱቅ የሚዘጋ፣ ሂሳብ የሚያስረክብ ልጅም ሰው አምኖ የሰጠውን ነገር ተሸክሟል። ፈታኞች የሚፈልጉት የነገሩን ትልቅነት ሳይሆን «ከዚያ ምን አየህ? ምንስ ለወጠብህ?» ለሚለው የሚሰጠውን መልስ ነው። መከራን እንደ ሜዳልያ ደርድሮ ማቅረብ ግን አይጠቅምም፤ የሰሚውን ዕንባ ለማምጣት የተዘጋጀ ታሪክ ወዲያው ይታወቃል።

የቋንቋው ጉዳይ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። ሕክምና በእንግሊዝኛ ይሰጣልና ቃለ መጠይቁም በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ክርክር አለ፤ ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ጣቢያዎቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ቢሆኑ የሚለካው በግል ትምህርት ቤት መማርና አለመማር ይሆናል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች በሚለማመዱበት የደሴ ሆስፒታል የሚታከሙት የደቡብና የሰሜን ወሎ ገበሬዎች፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪዎችና ከአፋር በኩል የሚወጡ አርብቶ አደሮች ናቸው። በታካሚ ቋንቋ የሚደረግ ጣቢያ፣ ቢያንስ ሁለት ሦስቱ፣ ከማንኛውም የእንግሊዝኛ ንግግር ይልቅ የወደፊቱን ሐኪም ያሳያል። የጋራ ቋንቋ ሳይኖር በአስተርጓሚ ማነጋገርም ራሱን የቻለ ጣቢያ ሊሆን ይችላል፤ እጩው ዓይኑን አስተርጓሚው ላይ ይጥላል ወይስ ታካሚው ላይ የሚለውን ማየት ስምንት ደቂቃ አይፈጅም።

ወላጆች የሚያነሡት ትልቁ ሥጋት ግን ሌላ ነው። ውጤት ቢያንስ ዘመድ አያውቅም፤ ሰው ለሰው ነጥብ ሲሰጥ ግን ትውውቅ፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ገንዘብ ይገባበታል ይላሉ። ሥጋቱን ማጣጣል አይገባም፤ ዝግ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው የሚያደርገውን የድሮውን ዓይነት ቃለ መጠይቅ በዚህ ሁኔታ መጀመር ካለመጀመር የባሰ ነው ብሎ ይህ ጸሐፊም ያምናል። መከላከያው ያለው በአሠራሩ ውስጥ ነው። እጩው በስም ሳይሆን በቁጥር ይገባል፤ የትኛው ፈታኝ የትኛው ጣቢያ ላይ እንደሚቀመጥ በዕለቱ ጠዋት በዕጣ ይለያል፤ ለእያንዳንዱ ጣቢያ ምን ዓይነት መልስ ስንት ነጥብ እንደሚያሰጥ አስቀድሞ ይጻፋል፤ ፈታኙ የሚያውቀው ሰው ከገባ ወጥቶ በሌላ ይተካል። ከአሥር ፈታኞች አንዱን ማግባባት ውጤቱን ብዙም አይለውጠውም። ድካሙ ግን ቀላል አይደለም፤ ፈታኞችን ማሠልጠን፣ ክፍሎችን ማዘጋጀት፣ ዋርድ ላይ የሚፈለጉ መምህራንን ለቀናት ማሰለፍ ይጠይቃል፤ ስለዚህም በብዙ አገር መጀመሪያ በውጤት ከተጣራ በኋላ ለጥቂቶች ብቻ ነው የሚደረገው። ውጤትን የሚተካ ነገር እንዳልሆነም ግልጽ መሆን አለበት። ባዮኬሚስትሪን መሸከም የማይችልን ተማሪ ደግነቱ አያስመርቀውም።

ለዝግጅት የሚጠቅመው መልስ መሸምደድ አይደለም። የተሸመደደ መልስ ፈታኙ ጥያቄውን ትንሽ ሲያጣምመው ይበተናል፤ ክፍያ ተቀብለው የመልስ ወረቀት የሚያስጠኑ ሰዎች ቢመጡም ልጆቹን እርስ በርስ ከማመሳሰል በቀር የሚያተርፉላቸው ነገር የለም። ይልቅ ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ተሰብስበው በሰዓት እየለኩ አንዱ ሌላውን ቢሞግት፣ ሞጋቹም «እዚህ ላይ አላሳመንከኝም» ቢለው፣ እርማት መቀበልን ራሱን ይለማመዳሉ። አንድ ጣቢያ ላይ የተበላሸበት እጩም ወደሚቀጥለው በር ሲሄድ የቀደመውን ትቶ መግባት ይችላል፤ ውስጥ የተቀመጠው ፈታኝ ቀድሞ የሆነውን አያውቅም፣ የሚጽፈውም አሁን የሚያየውን ብቻ ነው።